የጥሩምባው ድምፅ እስከሚደርስበት

አባ ይታያል በወገዳ ዳር መንደር የቅሬው፣ የቀብር ማኅበሩ፣ ጥሩምባ ነፊ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ሰው ሲሞት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ወጥቶ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ ለቀብር ይመጣል፤ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል። የስንቱን ሞት ነፍቷል! አሁን ግን የቅሬው ሰው ለገዛ ልጁ ለምንይችል እንዲነፋ እየጠበቀው ነው፤ እሱ ደግሞ እጁ እምቢ ብሎታል።

ምንይችል ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ ከወረደ ሁለት ክረምት አለፈ። መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ከረመ። ሲከፈት አብረውት የወረዱት ተመለሱ፤ እሱ ቀረ። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም።

"ይህን ያህል ዝም ያለ ልጅ ሞቷል" አለች ሚስቱ ደጊቱ። "በወጉ ላልቅስለት። ፀጉሬን ልላጭለት። ሰኞ ንፋ።"

"ሰኞ እነፋለሁ" አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት ከቤታቸው አንዱን ክፍል የተከራየው የፊዚክስ መምህር አብዮት ደጅ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ቁጥር ይጽፋል። ይታያል ዳዊት እየደገመ ለብቻው ንባብ የለመደ ሰው ነው፤ ፊደል ያለበትን ነገር ዝም ብሎ አያልፍም።

"ደግሞ ምኑን ነው የምትቆጥረው?"

"ጥቁር ጉድጓዶችን፣ አባ ይታያል። ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው ናቸው። ከከዋክብት በፊት፣ በዓለም መጀመሪያ ቅጽበት የተወለዱ ጥንታውያን ሳይኖሩ አይቀሩም ይባላል። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይዞራሉ፤ ቀስ በቀስ ይቀራረቡና በመጨረሻ ይዋሐዳሉ። ያን ጊዜ የሚነሣው ሞገድ በመሣሪያ ይሰማል። የምጽፈው ይኸ በየስንት ጊዜው እንደሚሆን ነው።"

"እና ስንቱን ሰማችሁ?"

"የሞቱ ከዋክብት ያስቀሯቸው የሚመስሉት ሲዋሐዱ ብዙ ተሰምቷል። በርግጥ የጥንታውያኑ ነው የተባለ ግን እስካሁን አንድም የለም።"

ይታያል ሳቀ። "አንድም ካልሰማህ፣ 'የሉም' ብለህ ወረቀትህን አትቆጥብም?"

"እንዲያ አይባልማ! ጥሩምባዎ እስከ የት ይሰማል?"

"ነፋስ በሌለ ጠዋት እስከ ገደሉ አፋፍ። በሐምሌ ዝናብ ግን ታች ሰፈርም አይደርስ።"

"ከገደሉ ማዶ ዓመቱን ሙሉ ቢነፉና እርስዎ ባይሰሙ፣ 'ማዶ ሰው አልሞተም' ይላሉ?"

"እንዴት ተደርጎ!"

"እኛም መጀመሪያ መሣሪያችን እስከ የት እንደሚሰማ እንለካለን። እዚያ ውስጥ ካልሰማን፣ 'ቢበዛ ይህን ያህል ነው' እንላለን እንጂ 'የለም' አንልም። ስለ ማዶው አንፈርድም። ደግሞ በጣም ተራርቀው የተጣመሩት ዛሬም እየዞሩ ነው፤ የዓለም ዕድሜ ሁሉ አልበቃቸውም።"

ይታያል ዓይኑን ወደ ጉብታው አነሣ። ትዝ ያለው የዛሬ ስድስት ዓመት ሐምሌ ነው። ውባለም የምትባል የመንደሩ ሴት ሞታ በዝናብ ነፋ፤ ታች ሰፈር ያለው ወንድሟ ደሳለኝ ሳይደርስ ተቀበረች። ቅሬው ሲቀጣው ደሳለኝ "ሚካኤልን አልሰማሁም!" ብሎ ማለ። ይታያል ግን "እኔ ነፍቻለሁ" ብሎ መሰከረበት። ስለ ዝናቡ አልተናገረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደሳለኝን ፈልጎ አገኘው።

"ያን ቀን ድምፁ አንተ ዘንድ እንደማይደርስ እያወቅሁ ነው ዝም ያልሁት። ይቅር በለኝ።"

"ይኸን ለማለት ስድስት ዓመት ፈጀብህ?" አለ ደሳለኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይቅር አላለውም፤ ትቶትም አልሄደ።

ሰኞ ማለዳ የቅሬው ሰው ከጉብታው ሥር ተሰበሰበ። ይታያል ጥሩምባውን ወደ አፉ አስጠግቶ መልሶ አወረደው። ደጊቱ እያለከለከች ወጣች።

"ንፋ እንጂ!"

"ጆሮዬ መተማ አይደርስም፣ ደጊቱ። ያልሰማሁትን አልናገርም።"

"እኔስ? እስከ መቼ በር በር ልይ? የሞተባት እንኳ አልቅሳ ይወጣላታል!"

ይታያል ጥሩምባውን መሬት ላይ አኖረው። አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት አለቀሰ። ደሳለኝ ከሰው መካከል ተነጥሎ ወጣና ጎናቸው ተቀመጠ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ደጊቱ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ምላጭ ፈትታ ለባሏ ሰጠችው።

"እስክትሰማ አንተ ዘንድ ይቀመጥ። ቄሱ ግን ለመንገደኞች ሲጸልዩ ስሙን ይጥሩልኝ።"

ቁልቁል ሲወርዱ የልጇን የክርስትና ስም እንዳይጠፋት ደጋገመችው፤ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ ሥላሴ።