ድልድዩ ላይ የሚቆመው ሲዲ

ካርቱም በገባሁበት ዘመን ወደ ወሎ ደብዳቤ የምንልከው በካሴት ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ድምፄን ግን ታውቃለች። አርካዊት ሰፈር ካለ አንድ ዱካን ባዶ ካሴት እገዛለሁ፣ አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች ከክፍሉ እስኪወጡ እጠብቃለሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ እቀዳለሁ፣ ወደ አገር ለሚገባ ሰው እሰጣለሁ። ከእጄ ከወጣ በኋላ የተናገርኩትን መመለስ አይቻልም።

አንድ ዓመት «ለአረፋ እመጣለሁ» ብዬ ቀዳሁ። ካሴቱ በሄደ በሳምንቱ አሠሪዎቼ እንግዳ እንደሚመጣባቸውና ፈቃድ እንደማይሰጡኝ ነገሩኝ። ሌላ ካሴት ቀድቼ ላክሁ። ሁለተኛው የደረሰው ግን እናቴ ቤቱን አስመርጋ፣ በግ አስራ፣ መንገድ መንገዱን ስታይ ከዋለች በኋላ ነው። ኋላ እህቴ እንደነገረችኝ እናቴ ሁለቱንም አስቀምጣቸው ነበር፤ የምታዳምጠው ግን የመጀመሪያውን ነው። አላህ ይዘንላት።

ልጄ የተወለደችው እዚሁ ካርቱም ነው። አባቷ ገና ዳዴ ስትል ሞተ። እኔ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ እሠራለሁ፣ አመሻሽ ላይ አርካዊት ወዳለችው ክፍላችን እመለሳለሁ። የቪላው ሰዎች ደጎች ነበሩ። ልጄ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚያ ስትመጣ ማንም ምን አመጣሽ ብሏት አያውቅም። የማዳሜ ልጅ እኩያዋ ነበረች፤ አንድ ጆይስቲክ እየተቀባበሉ አደጉ። ለዚህም አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

በቤቴ አንድ ሕግ ነበር። ካርቱም ውስጥ ወላሂ የማይባልበት ነገር የለም። ቲማቲም ሻጩ ወላሂ ይላል፣ የሪክሻው ሹፌር ወላሂ ይላል፣ ልጆች ኳስ መስመር አለፈች አላለፈች ብለው በወላሂ ይከራከራሉ። እኔ ግን የአላህ ስም ለትንሽ ነገር አይጠራም እላለሁ። ልጄ አንዴ ስለ ጠፋ እርሳስ ወላሂ ስትል ሰምቼ ቀኑን ሙሉ አላናገርኳትም። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት የቪላው ሰዎች ለትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ካይሮ ሄዱ። ማዳሜ ከመሄዷ በፊት ልጄን ጠራቻት።

«ነይ የኔ ልጅ። ይሄ የጌም ማሽን አቧራ ከሚጠጣ አንቺ ተጫወቺበት። ስንመለስ ታመጪዋለሽ።»

ለእኔ ይህ አማና፣ አደራ ነው። የሰው ዕቃ ከራስ ዕቃ ይከብዳል። ማሽኑን በአሮጌ ቶቤ፣ በምጎናጸፈው ጨርቅ፣ ጠቅልዬ በሪክሻ ወሰድኩት፤ ልጄ ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋው ነበር።

አብሮት አንድ ሲዲ ነበር። የማዳሜ ወንድም ከጅዳ ያመጣው ኦሪጅናል ነው። ያኔ ካርቱም ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ቅጂ ስለነበር ኦሪጅናል ሲዲ እንደ ብርቅ ይታይ ነበር። ጌሙ ውስጥ አንዲት ልጅ ፋኖስ ይዛ የተበተኑ ግመሎቿን ትፈልጋለች። ልጄም ዕረፍቱን ሙሉ ግመል ስትሰበስብ ከረመች። መብራት ሲጠፋ ትቆጣለች፣ ሲመጣ አልሐምዱሊላህ ትላለች። የደረሰችበትን ሚሞሪ የምትባል ትንሽ ካርድ ትይዝላታለች። አንዲት ግመል ከጎደለቻት ወደፊት አትሄድም፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ትፈልጋለች። ይህ ጠባይዋ ከእኔ ነው። እጇን ሳትታጠብ ሲዲውን አትነካም፤ ሀቡብ፣ የአቧራው ማዕበል፣ ሲነሳ ከመስኮቱ በፊት የምትሸፍነው ማሽኑን ነው።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ድልድይ ላይ ደረሰች። ፋኖስ የያዘችው ልጅ ድልድዩ መሃል ስትደርስ ሥዕሉ ደርቆ ቀረ። ድምፁም አንድ ነገር ይዞ ይጮኻል።

«እማ፣ እይ፣ ቆመች።»

«አጥፍተሽ አብሪው።»

አጥፍታ አበራችው። ድልድዩ ላይ ደርሶ ቆመ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

ሰዎቹ ተመለሱ፤ ማሽኑን በቶቡ ጠቅልለን መለስን። የማዳሜ ልጅ ልጄ ካቆመችበት ልትቀጥል ሞከረች፤ ድልድዩ ላይ ቆመ።

«በፊት እንዲህ አይቆምም ነበር!» አለች።

አልዋሸችም። እሷ ድልድዩ ድረስ ደርሳ አታውቅም ነበር፤ ይህን ግን በዚያች ሰዓት ማናችንም አላሰብነውም። ሲዲውን ገልብጣ አየችው። ጀርባው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጭረት አለች።

ማዳሜ «መዓሌሽ፣ ምንም አይደል፣ ሲዲ ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ክፍላችን እንደገባን ልጄን ፊት ለፊቴ አቆምኳት።

«ጭረሽዋል?»

«አልጫርኩትም፣ እማ።»

«ታዲያ ማን ጫረው?»

«እኔ እንጃ።»

«ወላሂ በይ።»

ዝም አለች።

«ወላሂ ካልሽ አምንሻለሁ።»

«ለጌም ወላሂ አይባልም።»

«አሁን እኔ ፈቅጄልሻለሁ። በይ!»

አንገቷን ደፍታ የቶቡን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። አልልም አለች።

ንጹሕ ብትሆን ትምል ነበር አልኩ። ያስተማርኳትን ራሴ ረስቼ፣ ዝምታዋን ጥፋት አድርጌ ቆጠርኩት። በማግስቱ ይዣት ሄድኩና በማዳሜና በልጇ ፊት «አፉ በሉኝ» አስባልኳት። በእኛ አገር ታናሽ ሲያጠፋ ጎንበስ ብሎ አፉ በሉኝ ይላል፣ ታላቅ አፉ ብያለሁ ይላል፣ ነገሩም እዚያው ይቀበራል። ልጄ ላላጠፋችው ጥፋት ለእኩያዋ ጎንበስ አለች። አላለቀሰችም።

ነገሩ ግን አልተቀበረም። ልጄ ቪላው መምጣት ተወች። በፊት ከሪያድ እስከ አርካዊት ስንሄድ አፏ አያርፍም ነበር፤ መምህሯ ያለችውን፣ የጓደኛዋን ቀልድ፣ የግመሎቹን ስም ሳይቀር ትነግረኝ ነበር። አሁን ትምህርት እንዴት ነበር ስላት «ደህና»፤ በላሽ ወይ ስላት «በላሁ»። አጠገቤ ተኝታ ርቃኝ ነበር። ስሰግድ በየሱጁዱ ልጄን መልስልኝ እላለሁ፤ ማን እንዳባረራት ግን ገና አላወቅሁም።

አማና ከተበላሸ መተካት አለበት ብዬ ሲዲውን ከማዳሜ ጠይቄ ወሰድኩት። የሄድኩት ድሮ ካሴት ወደምገዛበት ዱካን ነው። መደርደሪያው ሁሉ ጌምና ፊልም ሆኗል። ባለቤቱ ሸምግሏል፤ ግን አልረሳኝም።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ! ካሴት ፍለጋ ከሆነ ሁሉንም ጥያቸዋለሁ።»

«ካሴት አይደለም። የዚህ ዓይነት ሲዲ እፈልጋለሁ። ልጄ ጫረችው።»

አገላብጦ አየው። ጭረቷን በጥፍሩ ነካ አደረጋት። «ይቺ ምንም አታደርግም። የት ላይ ነው የሚቆመው?»

«ድልድይ ላይ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ግመሎቹን በሙሉ ሰብስባለች እንዴ?»

«አንድም አላስቀረች።»

ሳቁን ለቀቀው። «ማሻአላህ! እንግዲያስ የልጅሽ ጥፋት ጉብዝናዋ ነው። ግመል የጎደለው ሰው ድልድዩን ያልፋል። ሁሉንም ሰብስቦ የረገጠው ሰው እዚያው ደርቆ ይቀራል። ሲዲው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ እንዲህ ነው።»

ሲዲውን ወደ መብራቱ አዞረና ከቀዳዳው አጠገብ ያለችውን ቀለበት አሳየኝ። በደቃቁ የተቀረጸ ቁጥር አለባት፤ መጨረሻው አንድ ነው። ከመደርደሪያው ሌላ አወጣ። ሽፋኑ ያው፣ ፋኖስ የያዘችውም ልጅ ያችው። የቀለበቱ ቁጥር መጨረሻ ግን ሁለት ነው።

«ሠሪዎቹ ስህተቱን ያገኙት ከሸጡት በኋላ ነው» አለኝ። «አርመው እንደገና አተሙ። ከዚህ ቀለበት በቀር ለይተሽ አታውቂውም።»

«የመጀመሪያውን ለምን አልሰበሰቡትም?»

«ከየሰው ቤት? ሲዲ አንዴ ከታተመ እላዩ ላይ አይታረምም። ያለው መፍትሔ ሌላ ማተም ነው። አንቺስ ስትሳሳቺ ስንት ካሴት ገዝተሻል ከእኔ!»

እሱ ሳቀ። እኔ እናቴ ያስመረገችውን ቤት አሰብኩ።

ዛሬ እንዲህ አይደለም። ዛሬ ማሽኑ ከኢንተርኔት እርማቱን ራሱ ያወርዳል። ልጄ ካደገች በኋላ አንድ ቀን ቁጭ ብላ ስክሪኑ ላይ መስመር ሲሞላ ትጠብቃለች፤ «እማ፣ ስህተቱን እያረመ ነው» አለችኝ። ኢንተርኔት የሌለውስ ብላት «እንደተወለደ ይቀራል» አለች። ያኔ ግን ሁሉም እንደተወለደ የሚቀርበት ጊዜ ነበር።

ባለዱካኑ በሁለተኛው ቀየረልኝ። «ሚሞሪዋን አላጠፋችም አይደል? ከቆመችበት ትቀጥላለች። ልፋቷ ያለው ካርዱ ላይ ነው፤ ሲዲው ሲቀየር አይጠፋም።» ከዚያ የድሮውን መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «ይሄንንም አከራየዋለሁ። ድልድዩ ድረስ የማይደርስ ሰነፍ መች ይጠፋል!»

«ለሚወስደው ንገረው።»

«እነግራለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ አትበለኝ። ጻፍበት።»

«ያ ሰላም! ሐበሻዎች!» እያለ፣ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ‹ድልድዩን አያልፍም› ብሎ በዐረብኛ ጻፈ።

ቤት ስደርስ የአስር ሰላት አዛን እያለ ነበር። ልጄ ግቢው ውስጥ የትምህርት ቤት ልብሷን ታጥባለች። ጎረቤቶች ጥላ ስር ተቀምጠዋል። ፊቷ ተንበርክኬ ጉልበቷን ያዝኩ።

«አፉ በይኝ።»

«እማ! ምን ሆነሽ ነው?»

ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ግመሎቹ፣ ስለ ሁለተኛው እትም ነገርኳት። እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ቆማ ሰማችኝ።

«ተነሺ፣ ሰው እያየን ነው።»

በእርግጥም እያዩን ነበር። እናት ለልጇ ስትንበረከክ እኔም አይቼ አላውቅም።

«አፉ ካላልሽኝ አልነሳም።»

የእጇን አረፋ በቀሚሷ ጠረገች።

«አፉ ብያለሁ።»

«ከልብሽ?»

የከንፈሯ ጫፍ ተነሳ። «ወላሂ ልበል?»

«አትበይ። አምኛለሁ።»

በማግስቱ አብረን ሪያድ ሄድን። የሆነውን ለማዳሜ ነገርኳት። እሷም ልጇን ጠርታ «አንቺም ይቅርታ ጠይቂያት» አለቻት፤ ልጅቷ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ሁለቱ ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። እኔ የሻይ ብርጭቆ የደረደርኩበትን ሰርቪስ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ፋኖስ የያዘችው ልጅ ድልድዩን ረገጠች። መሃል ደረሰች። ግመሎቹ አንድ በአንድ ተከትለዋት ተሻገሩ። ማዶው ሣር ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ልጆቹ ግን ቤቱን በእልልታ አናወጡት።

አመሻሽ ላይ ወደ አርካዊት በእግራችን ተመለስን። ዋናውን አስፋልት ስንሻገር፣ «እማ፣ የመጨረሻዋን ግመል የት እንዳገኘኋት ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

ጀመረች። ከግመሏ ወደ መምህሯ፣ ከመምህሯ ወደ ጓደኞቿ፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ ግመሏ። የሳምንታት ነገር ነው ያጠራቀመችው። በራችን ጋ ስንደርስ አልጨረሰችም። እንዳይቋረጥባት ብዬ ቁልፉን በእጄ ይዤ ቆምኩ።