የአክስቴ ድስትና የሰበረችው ገበጣ

የልጄ ልጅ፣ «ምነው በዚህ ድስት አትሠሪበትም?» ስትይኝ ዝም የምልሽ ቂም ይዞኝ ነው። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል፤ ደሜ ይፈላል።

ድስቱ የአክስቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ነፍሷን ይማር ብዬ ልተወው እላለሁ፣ ግን አልችልም። ነገሩ የሆነው ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ሸክላ ባስፈለጋት ቁጥር ከጎንደር ወለቃ ትልከኝ ነበር፣ ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ። ይኸን ድስት የሠራችው ሴት እኩያዬ የሆነች ልጅ ነበረቻት። ቡዳ ናቸው እየተባለ እንዳልጠጋቸው ተነግሮኛል፤ እነሱም ከእኛ ጋር ከተነካኩ ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም። ስለዚህ እኔና ልጅቱ ራቅ ራቅ ብለን ተቀምጠን፣ መሬት ላይ በጫርነው ጉድጓድ ገበጣ እንጫወት ነበር። ገበጣ ደግሞ ደግ ጨዋታ ነው። ጠጠሩን ከጉድጓድ ታነሻለሽ፣ ጉድጓድ ውስጥ ትጥያለሽ፤ እጅ ከእጅ አይገናኝም።

ዝናብ ጉድጓዳችንን ሲያፈርስብን ጊዜ «ምነው በሸክላ ብንሠራው?» አለችኝ። ሠራን። አንዱን ረድፍ እሷ፣ አንዱን እኔ። የመጀመሪያው እሳት ውስጥ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። እናትየው ስቃ፣ «ሆዱን ፈልፍሉለት እንጂ! ወፍራም ሸክላ እሳት አይችልም» አለችን። ሁለተኛው ሸጋ ሆኖ ወጣ፤ የእሷ ረድፍ ቀጥ ያለ፣ የኔ ጠማማ። በየሳምንቱ እየተቀያየርን ልናስቀምጠው ተስማማን። መጀመሪያ ለኔ ሰጠችኝ፤ ከነጠጠሩ መሬት ላይ አስቀምጣልኝ ፈንጠር አለች።

«ሐሙስ ይዘሽው ነይ። የምጀምረው እኔ ነኝ» አለችኝ።

መንገድ ላይ የሚያዝያ ዶፍ ወረደብኝ። ገበጣውን በነጠላዬ ጠቅልዬ እኔ በስብሼ ገባሁ፤ ማታውኑ ትኩሳት አጣደፈኝ። ዝናብ የመታው ልጅ እንደሚታመም የማያውቅ ሰው አለ? አክስቴ ግን ገበጣውን አየችና «ልጄን ቡዳ በላብኝ!» ብላ ጎረቤት ጠራች። ቡዳ የበላው ሰው ሲታጠን የበላውን ስም ይለፈልፋል ይባል ነበር። ጣልያን ጥሎት ከሄደ ማኪና የተቆረጠ ጎማ ፍም ላይ ጣለች፣ እኔን እስከ አናቴ ጋቢ አልብሳ አጠነችኝ።

«ለፍልፊ! ማን ነው የበላሽ?»

ጭሱ እያነቀኝ ጥርሴን ነከስኩ። የልጅቱን ስም አላወጣሁም።

«አያችሁ? ቡዳዋ አፏን ይዛታለች!» አለች አክስቴ ለጎረቤቶቹ። ብናገር የልጅቱ ጥፋት፣ ዝም ብል የልጅቱ ጥፋት! ወጥታ ገበጣውን ደጃፉ ድንጋይ ላይ ከሰከሰችው። ድምፁን ጋቢው ውስጥ ሆኜ ሰማሁት።

በማግስቱ ተሻለኝ። አክስቴ «ተመስገን» ብላ ሽሮ ሠራችልኝ፣ በዚህ ድስት። በዚህ! ድስቱንስ ያበጀው ያው እጅ አይደለም እንዴ? ስንት ዓመት ወጥ ስትበላበት ያልበላት ቡዳ፣ የልጅ መጫወቻ ሲሆን ነው የሚበላ? ድስቱንማ አልሰበረችውም፤ ድስት ይጠቅማታላ።

ሐሙስ ባዶ እጄን ወለቃ ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ፣ እናትየው ከደጅ መለሰችኝ። አልተቆጣችኝም። «ልጄን ተያት፣ የኔ ልጅ። አንቺን ባመመሽ ቁጥር የሚወግሩት እሷን ነው» አለችኝ። ልጅቱ ከጎጆው ጀርባ ቆማ ታየኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም። ኋላ ወገኖቿ እስራኤል ሲገቡ አብራ ሄደች ይባላል፤ እውነቱን ማን ይነግረኛል?

አክስቴ እስክትሞት በዚህ ድስት በላች፤ አንድ ቀን እንኳ አልጸጸታት። እኔ ወጥ አልሠራበትም። እስቲ እጅሽን ክተቺ፤ ያ የሚንኮሻኮሸው የገበጣው ጠጠር ነው። አክስቴ ገበጣውን የሰበረች ቀን መቀነቴ ላይ ቋጥሬው ስለነበር ተረፈ። ሐሙስ የምትጀምረው እሷ ነበረች።