ወንፊትና የመጋዘኑ ኮምፒውተር

በዚያ ክረምት ዝናቡ ቀንና ሌሊት ሳይለይ ይወርድ ነበር፤ ከሣጥን የወጣ ልብስ እንኳ እርጥብ እርጥብ ይላል፣ የሰውም ልብ እንደዚያው። የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ በመድኃኒት ማከፋፈያው የኔትወርክ ተቆጣጣሪ ሆና ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። በሽቦው የሚመላለሰውን ሁሉ ይህ ደብዳቤ፣ ይህ የስልክ ድምፅ፣ ይህ ቪዲዮ፣ ይህ የፋይል ቅጂ እያለች በየዓይነቱ ስለምታበጥር «ወንፊት» ይሏታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ፤ የሆስፒታሎች ትእዛዝ አልገባ አለ። ሥራ አስኪያጁ ብዙውን የሚጎትተው የመጋዘኑ ኮምፒውተር መሆኑን ሲያይ ደሙ ፈላ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ፊልም እያዩ ነው። እስከ ምሳ ማስረጃውን አምጪልኝ፣ የስንብት ደብዳቤያቸውን እጽፋለሁ» አላት።

ወንፊት መጋዘን ወረደች።

«ጋሼ፣ ፊልም ያያሉ እንዴ?»

«እኔ ልጄ? መነጽሬ ከተሰበረ ሳምንቱ። ፊልም ቀርቶ አንቺንም የለየሁሽ በድምፅሽ ነው።»

ተመልሳ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። በማያው ግራፍ ላይ ቀዩ የቪዲዮ መስመር መሬት ለመሬት ተኝቷል። ያበጠው ሰማያዊው፣ የፋይል ቅጂው ነው። የመጋዘኑ መዝገብ ከሥር እስከ ጫፍ በየሩብ ሰዓቱ ይገለበጣል። ማን አዘዘው? ትእዛዙን ከፍታ ብታይ የገዛ ስሟ ወጣ።

ዓርብ ለት ቅጂው ይሠራ እንደሆነ ልትሞክር ያዘዘችው ነው። ወዲያው እናትሽ ወደቀች ተብሎ ተደወለላት፤ ዣንጥላዋን እንኳ ሳትይዝ ሮጠች፣ በዚያው ረሳችው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

ስሟን ከትእዛዙ ላይ መሰረዝ ትችላለች። ከእሷ በቀር የሚያበጥር የለም፤ አልጋ ላይ የዋለችው እናቷ ደግሞ የምትጠብቀው የእሷን እጅ ነው። የግድግዳው ሰዓት አምስት ተኩል ይላል። ከመጋዘኑ የሽማግሌው ሳል ይሰማል።

ቅጂውን አቆመች፤ ወረቀቱን ከነስሟ አትማ ገባች።

«ቪዲዮ የለም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ገለባበጠው። «ከአንቺ ሌላ ይህን ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም።»

ለሽማግሌው ያሰበውን ደብዳቤ ለእሷ ጻፈው።

ሽማግሌው ጡረታቸውን በሰላም ወጡ። ነገሩን የሰሙት ዘግይተው ነው። «ብትጠይቀኝ እኮ፣ አዎ አይቻለሁ እል ነበር። ምን ይጎድለኛል፣ ሦስት ወር ናት» አሉ፣ አዲሱን መነጽራቸውን እየጠረጉ።

ስለ ወንፊት በመጨረሻ እንደተሰማው፣ ከወንዝ ማዶ ባለ የሴቶች ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። ከግቢው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ከእናቷ ጋር ትኖራለች።