ሙሽሪት የሸተተችባቸው ጠዋቶች

ጎፋ ያለውን ዳቦ ቤታችንን ከባለቤቴ ጋር ስንከፍት ሊጡን የምታቦካልን አክስቴ ነበረች። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ተራውን ዳቦ ማንም ይጋግረዋል፤ ሰው ከለቡ ድረስ ታክሲ ተሳፍሮ የሚመጣው አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምትጋግራት ትንሽ ክብ ዳቦ ነበር። የብርቱካን ልጣጭ፣ ድምብላልና ጥቁር አዝሙድ አለባት። በዘይት ስለምትሠራ በጾምም ትበላለች። ከላይ በቢላ ጫፍ ጥልፍ የመሰለ ነገር ስለምታወጣላት ደንበኞቹ «ሙሽሪት» አሏት።

አክስቴ ክረምቱ ሲገባ ታመመችና ብዙም ሳትቆይ አረፈች። በስተርጅናዋ ከባለቤቴ ጋር ጸሎት ቤት መሄድ ጀምራ ስለነበር በመዝሙር ቀበርናት። አርባዋን አላወጣንም፣ ተዝካርም አልደገስንላትም። እኔ ልቤ በቤተ ክርስቲያኑም በጸሎት ቤቱም በኩል ስለነበረ፣ ይቅር ሲባል እሺ አልኩ።

ሙሽሪትንም ተውናት። አሠራሯ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እጄን ዱቄቱ ውስጥ ስከተው አልቅሺ አልቅሺ ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ደንበኞቹ በደግነት ነበር የሚጠይቁት። «መቼ ነው የምትመልሷት?» ይላሉ። «እስቲ እናያለን» እላለሁ። ያጽናኑኝና የተለመደውን ዳቦ ይዘው ይሄዳሉ።

መስከረም ከጠባ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። መብራት የጠፋበት ጠዋት ነበር። ጄኔሬተራችን ስለተበላሸ ባንኮኒው ላይ የነበረው የትናንት ዳቦ ብቻ ነው። ፊት ለፊታችን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ፈገግ እያሉ ገቡ።

«መለሳችኋት ማለት ነው!»

«ማንን ጋሼ?»

«ሙሽሪትን ነዋ! ከአልጋዬ ያስነሳኝ ሽታዋ አይደል?»

መብራት እንደሌለ ነገርኳቸው። አምፖሉን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ደብቄ የነሳኋቸው ይመስል ቅር ብሏቸው ወጡ። ወደ ጓዳ ገብቼ ምድጃውን ዳሰስኩት። በረዶ ነው። ከፍቼ አንገቴን አስገብቼ አሸተትኩ። ከብረትና ከአሮጌ ዱቄት በቀር ምንም የለም።

እሳቸው ብቻ ቢሆኑ እርጅና ነው ብዬ በተውኩት። ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው መምጣት ጀመረ። ከበራችን አጠገብ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጠው የጉሊት ነጋዴ መጣች። አንድ የታክሲ ሾፌር መኪናውን አቁሞ ገባ። ከብስራተ ገብርኤል ልጇን ትምህርት ቤት ለማድረስ የምታልፍ እናት እንኳ «ዛሬ ወጣች አይደል?» አለችኝ። ምድጃው ሲሠራ ማንም አይጠይቅም፤ የሚሸታቸው ሲቀዘቅዝ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሩን እስባለሁ። የሚሸተኝ የታክሲ ጭስና የረጠበ አፈር ነው።

ከዚያ አንዲት ወጣት መጣች። ከኋላችን ያለው ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይታ፣ ከሀዋሳ ከመጣች ገና ሁለተኛ ሳምንቷን አልደፈነችም።

«እህቴ፣ ያቺ ብርቱካን ብርቱካን የምትሸተው፣ ከላይ ጥልፍ ያለባት ዳቦ አለቀች?»

«የት አየሻት?»

«እዚሁ ነዋ። ትናንት ሳልፍ መስኮቱ ጋ ነበረች። ስጠይቃቸው ሴትዮዋ ገና ነው አሉና በጨርቅ ሸፈኗት።»

ትናንት መብራት ስላልነበረ ቀኑን ሙሉ ዘግተን ነበር የዋልነው።

«ምን ዓይነት ሴትዮ ናቸው?» አልኳት። ድምፄ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰለኝ።

«ትልቅ ሰው ናቸው። የግራ እጃቸው ጣቶች አይዘረጉም መሰለኝ፣ ጨርቁን የያዙት በጭብጣቸው ነበር።»

የአክስቴን ግራ እጅ ድሮ ምድጃ አቃጥሎት፣ ጣቶቿ ኩምትር ብለው ነው የቀሩት። የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። የጉሊት ነጋዴዋ ከውጭ ስትሰማ ቆይታ ገባች።

«ልጄ፣ ዳቦዋን ነው የምትፈልገው» አለችኝ ዝግ ብላ። «ስሟ ተጠርቶ አልተቆረሰላትም።»

ለባለቤቴ ነገርኩት። «ሙታን ዳቦ አይጠይቁም» አለ። «ሰው ሲያዝን ብዙ ነገር ይሸተዋል፣ ብዙ ነገርም ያያል።» ልጅቷ እኮ አላዘነችም፣ አታውቃትም ልለው አስቤ ተውኩት። እሱን ማመን ፈልጌ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መብራት ጠፍቶ፣ እሱ ከጠዋት ጸሎት ሲመለስ ጃንጥላውን እንደያዘ በሩ ላይ ቀጥ አለ። ፊቱ በራ።

«እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ቻልሽው!» አለና በቀጥታ ወደ ጓዳ አለፈ።

ምድጃውን ሲከፍት ሰማሁ። ስከተለው ባዶዎቹን ትሪዎች እያየ ቆሟል። በሩን የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ያህል ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ጋግሪላት» አለኝ።

ድምብላሉን ከመደርደሪያው አወረድኩ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ አቦካሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት መብራት ነበረ። ለማንም አልተናገርኩም። የመጀመሪያውን ትሪ ይዤ ስወጣ ግን በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። የኛ ሰልፍ ጫጫታ አያጣውም፤ ያን ቀን የሚያወራ አልነበረም። «ዛሬ አይከፈልም» አልኩ።

አስተማሪው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀበሉ። የጉሊት ነጋዴዋ ዳቦዋን ስማ፣ «ነፍስ ይማር» አለች። ባለቤቴ አጠገቤ ሆኖ ያድላል። ዝም ይላል ብዬ ስጠብቅ «አሜን» አለ።

ወጣቷ ተከራይ በሁለት እጇ ተቀበለች። ቆርሳ ጎረሰችና ከትከሻዬ በላይ አሻግራ ወደ መስኮቱ ተመለከተች። ከዚያ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች። ወዲያው አልዞርኩም። ባያትስ ብዬ ፈራሁ፤ ባላያትስ ብዬ ደግሞ የባሰ ፈራሁ። ስዞር መስኮቱ ጋ ከባዶ ትሪ በቀር ምንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ መብራት ስንት ጊዜ ጠፍቷል፤ ሸተተኝ ብሎ የመጣ ግን የለም። ሙሽሪትን ቅዳሜ ቅዳሜ እንሸጣለን። አስተማሪው ድምብላሉ በዝቷል ይሉኛል፣ ግን አይቀሩም።

ሰፈሩ ሁሉ ሲሸተው ለእኔ ብቻ አለመሽተቱ ቅር እንዳሰኘኝ አንድ ቀን ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ልጇ ነሽ» አለኝ። «እንድትደነግጪ አልፈለገች ይሆናል።»