ጤነኛው ባትሪ

ቦንጋ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ጀልባ የጠገንኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጎጀብ ወንዝ ላይ ሰው የሚያሻግሩ አንድ ሽማግሌ አሮጌው የሞተር ጀልባቸው አልነሳ ብሏቸው ወደ እኔ መጡ።

"አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ ያው ነው" አሉኝ።

ባትሪውን የሸጠላቸው ነጋዴ እንደ ልጃቸው የሚያዩት ሰው ነው። ሞተሩ አልነሳ ሲል ግን "የሞተ ባትሪ ሸጥክልኝ" ብለው ደንበኛ ፊት ተናገሩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም አልነበራቸውም።

አብሬያቸው ወደ ወንዙ ወረድኩ። ባትሪውን በቴስተር ስለካው ሙሉ ነው። ቁልፉን ሲያዞሩ ባትሪው ላይ አሥራ አንድ ተኩል ቮልት፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ ግን ስምንት ብቻ አነበብኩ። ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነበር። ከባትሪው የሚወጣውን የኔጌቲቭ ገመድ ላስቲክ በቢላ ስሰነጥቀው መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ዱቄት ረገፈ። ገመዱን ቀየርኩት፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሞተሩን አጠፉና "ያንን ሰው በድዬዋለሁ" አሉ። "ስትመለስ ይዘኸኝ ሂድ። ብቻዬን መሄድ አፈርኩ።"

ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ባትሪህ ጤነኛ ነበር፤ የበሰበሰው የእኔ ገመድ ነው። ይቅር በለኝ" አሉት።

ነጋዴው ትንሽ አያቸው። "ጀልባው ተነሳ?"

"ተነሳ።"

"ታዲያ ለምን በር ላይ ይቆማሉ? ይግቡ እንጂ" አለና ወንበር ሳበላቸው።