እትዬ ዘነበች እንጦጦ ላይ ያነበቡ ዕለት

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ኮተቤ

ጎህ ሲቀድ ስድስት ተማሪዎቼን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ተማሪ ስላችሁ ልጆች እንዳይመስሏችሁ፤ ከሁሉም የሚያንሱት አርባ አልፏቸዋል። ከሥራ መልስ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ።

የጉዞው ምክንያት እትዬ ዘነበች ናቸው። ሐሙስ ዕለት ደብተራቸውን መለሱልኝ። «ፊደሉ እምቢ ብሎኛል፣ ልጄ። እኔ ለእንጨት ነው የተፈጠርኩት።»

ከእንጦጦ እንጨት በጀርባቸው እያወረዱ ነው አራት ልጆች ያሳደጉት። ፊደሉን አንድ በአንድ ይለያሉ፤ ሲገጣጠም ግን ይጠፋባቸዋል። መላ ቢጠፋኝ «እንግዲያው እንጦጦን ያሳዩንና ይሰናበቱን» አልኳቸው።

2 ሰዓት ተኩል፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ

ዳገቱ ላይ ታክሲው ያቃስታል። ሾፌሩ በመስታወት አየን።

«ሽርሽር ናችሁ?»

«ትምህርት ላይ ነን!» አሉ አቶ ደምሴ፣ የዘበኛ ካፖርታቸውን እንደለበሱ።

«ስንተኛ ክፍል ነዎት፣ አባባ?»

«ገና ነኝ። ግን ስሜን እጽፋለሁ!»

ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋላቸው።

4 ሰዓት፣ ከማርያም በላይ ያለው ጫካ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ባሕር ዛፉ አፍንጫ ይከፍታል። እትዬ ዘነበች ሌላ ሰው ሆኑ! የወደቀ ጭራሮ ሰበሰቡ፣ መቀነታቸውን ፈተው አሰሩት፣ ሸክም አነሳስ ያስተምሩን ጀመር።

«ጉልበት አይደለም የሚሸከመው፤ ሚዛን ነው።»

ተራዬ ደረሰ። ሁለት እርምጃ ሄጄ በቂጤ ቁጭ! ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

«አይዞሽ ቲቸር፤ እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበርኩ። በአንድ ቀን ማን ለመደ?» አሉኝ። ይህን ብለው የራሳቸው ቃል ገርሟቸው ፈገግ አሉ።

አፈሩ ላይ በእንጨት አንድ ቃል ጻፍኩና «ይህን ማን ነው ያለው?» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ተከተሉት።

«ሚ... ዛ... ን... ሚዛን! ሚዛን ነው! እኔ ያልኩት ነው!»

አቶ ደምሴ ወንድነታቸውን ረስተው እልል አሉ። እኔ ሳቅና እንባ ተቀላቀለብኝ። ለካ ስንት ወር ሙሉ ፊደሉን ብቻ ይዤ፣ ሴትዮዋን ከነሕይወታቸው በር ላይ አስቀርቼ ኖሯል የማስተምረው።

8 ሰዓት፣ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ

እትዬ ዘነበች መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል።

«ዳ-ቦ ቤ-ት! ጎ-ሚ-ስ-ታ!»

ተሳፋሪው ያጨበጭባል። አንድ አጥር ላይ «መ-ሽ-ና-ት ክ-ል-ክ-ል ነ-ው» ብለው ሲጮኹ ታክሲው በሳቅ ተናጋ።

መውረጃችን ደረሰ። «ወራጅ አለ!» አልኩ።

እትዬ ዘነበች ክንዴን ያዙኝ። «ሾፌር፣ እንዳትቆም! ገና መንገዱን አንብቤ አልጨረስኩም!»

ሾፌሩም አልቆመም።