የጉራች ልጆች

ባለፈው ሳምንት አንድ የሐይቅ ወጣት ቤቴ መጣ። ከብቶቹ በዚህ ባለፈው ጦርነት አልቀውበት የተረፈችው አንዲት ባዝራ ፈረስ ናት። «አባባ፣ ከማን ድንጉላ ጋር ላገናኛት?» አለኝ። ጥያቄው ወደ ሃያ ዓመቴ መለሰኝ፤ ትንሽም አሳፈረኝ።

በመሬት አዋጁ ዘመን የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በእኛ ቀበሌ ድንጉላ፣ ማለት ያልተኮላሸ ፈረስ፣ የሚይዘው ባለርስቱ ብቻ ነበር፤ የገበሬው ወንድ ውርንጭላ ከፍ ሲል ይኮላሻል። እኔ ታዲያ በስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ከእንግዲህ የድሃ ፈረስ አይኮላሽም» አልኩ። ጭብጨባው ሐይቁ ዳር ሳይሰማ አልቀረም። ግፉንና ዘር የመምረጡን ጥበብ በአንድ ጆንያ አሥሬ መጣሌ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

የራሴም ድንጉላ ነበረኝ፤ ጉራች እለዋለሁ። ጥቁር፣ ጋማው አንገቱን የሚያለብስ፣ ሲያዩት ልብ የሚሰርቅ ነበር። የፊት ጉልበቶቹ ሲራመድ እንደሚጋጩ ግን አላይም፤ ወይም አይቼ ዝም እላለሁ። ባዝራ ይዞ ለመጣ ሁሉ በነጻ እፈቅድ ነበር። ያመጡልኝን የባቄላ እሸት እየፈለፈልኩ ምስጋናቸውን እሰማለሁ።

ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ የሐይቅ ገበያ በጉራች ልጆችና በመሰሎቻቸው ተሞላ። ጋማቸው ያማረ፣ ወገባቸው የላላ፣ ግማሽ ኩንታል ሲጫንባቸው የሚንቀጠቀጡ ነበሩ። ያኔም ጦርነት ስለነበር መኪና እንደ ልብ አይገኝም፤ ብርቱ የጭነት ፈረስ ተፈላጊ ነበር። ከደሴ የሚመጡት ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ግን ገበያውን አንዴ ዞሩና «ወላሂ፣ እኔ ፈረስ ልገዛ ነው የመጣሁት፤ ጋማ አልገዛም» ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሚቀጥለውም ገበያ አልመጡም።

በማግስቱ ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ደጄ ቆሙ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት አንዲት ጥሩ ባዝራ የምትወልደውን እየሸጡ ነበር። ከጉራች የተወለዱት ሦስቱ ግን ገዢ አጡ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

«ልጄ፣ ባዝራዬ እያረጀች ነው። ከእንግዲህ ብትወልድ አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። እሱንም ያንተ ፈረስ እንዲያበላሽብኝ አልፈልግም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እትዬ?»

«የራስህን አኮላሽ። አይኮላሽም ብለህ ያወጅህ አንተ፤ ሌላ ማን ይጀምረዋል?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ክረምቱ ወጥቶ ዝንቡ ሲቀንስ ባለሙያ አስጠራሁ። የጉራችን ጭንቅላት የያዝኩት ራሴ ነኝ፤ እንባዬም ወርዷል። የኔን ያዩ ሰዎች አንድ በአንድ ተከተሉኝ። ለሐጂ ሰይድም ደህና ድንጉላ እንዲጠቁሙኝ መልእክት ላክሁ። «አብሽር፤ አምባሰል ላይ የማውቀው ደህና ድንጉላ አለ፣ ባዝራዋን ይዘህ ውጣ» አሉኝ። ቆሎዬን ከእትዬ ዘነቡ ባዝራ ጋር እየተካፈልኩ ዳገቱን ሁለት ቀን ወጣሁት።

የተወለደው ውርንጭላ አድጎ ገበያ ሲወጣ ሐጂ ሰይድ እግሩን አንሥተው አዩ፣ ወገቡን በመዳፋቸው ተጫኑት፤ ብዙም ሳይከራከሩ ገዙት። እትዬ ዘነቡ የዚያን ቀን የሐይቅ አሣ አስጠብሰው ጋበዙኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ አሣ የለም።

ለወጣቱ ይህን ሁሉ ነገርኩት፤ ስቆብኝ ሲያበቃ ቅዳሜ አብረን አምባሰል ልንወጣ ተቀጣጠርን። ከሄደ በኋላ ደጄ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። እኛ የጠየቅነው ገበያውን ካጠፋን በኋላ ነው፤ ይህ ልጅ ግን የቀረችው አንዲት ባዝራ ብቻ ሆና ሳለ እንኳ፣ ሳይቸኩል አስቀድሞ ጠየቀ።